የሂክማ አጃቢዎች

ቅዳሜ ጠዋት ያብሥራ ጥቁር ሱፉን ለበሰ፣ ከረቫቱን አሰረ፣ አዳራሹ ደርሶም ኪቦርዱ አለመሰካቱን አረጋገጠ። ይህ ከሥራ ግዴታዎቹ አንዱ ነው። በኮምቦልቻ የሰርግ አዳራሾች ድምፅ እንዲያወጡ የተፈቀደላቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የዘፋኙ ማይክሮፎንና አጃቢው የሚባለው ማሽን። ኪቦርዱ የሚቆመው ለዓይን ነው። ሰርገኛ ዘፋኟን መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ሲያይ ድግሱ የጎደለበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ አዳራሾቹ ከጎኗ ሰው ያቆማሉ። የሥራ መደቡ «የመድረክ ሙዚቀኛ» ይባላል።

የመድረክ ሙዚቀኛ ጣቶቹን አጣጥፎ መቀመጥ አይፈቀድለትም። የአንድ ሙሽራ አጎት «ሰውየው የሚነካውና እኔ የምሰማው አይገናኝም» ብለው ቅር ከተሰኙ ወዲህ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙክታር የያብሥራ ጣቶች ከድምፁ ጋር እንዲሄዱ አዘዋል። እሱም አጃቢውን እየሰማ፣ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ፣ ድምፅ የማይሰጡትን ቁልፎች ይነካል። አጃቢው አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት አይጫወተውም። በቃል መያዝ አይቻልም፤ መገመት ነው። ያብሥራ ጎበዝ ገማች ሆኗል።

ከጎኑ ቆማ የምትዘፍነው ሚስቱ ናት።

ሂክማና ያብሥራ የተዋወቁት ባቲ ላይ፣ የሰው ሰርግ ላይ ነው። ያኔ እሱ ስሙ የሚጠራ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። የተቀጠረችው ዘፋኝ ታማ ስትቀር፣ ድምጿ ጥሩ ነው የተባለች አንዲት ሚዜ ጓደኞቿ እየገፉ መድረክ ላይ አወጧት። የመጀመሪያውን ስንኝ ከአቅሟ በላይ ከፍ አድርጋ ጀመረችው። ድምጿ ሊሰነጠቅ ሲል ዞር ብላ አየችው። ያብሥራ ማንም ሳያውቅበት ዜማውን ዝቅ አደረገላት፤ እሷም አብራው ወረደች። ዘፈኑ ሲያልቅ ላብ በላብ ሆና «እንዴት አወቅክ?» አለችው። ያብሥራ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሙገሳ ሰምቷል፤ እንደዚያ ጥያቄ ያስደሰተው ግን የለም።

ተጋቡ። የእሷ ቤተሰብ መስጊድ፣ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ በሰርጋቸው ቀን ሁለቱም ወገን አብሮ ጨፈረ። ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ያልዘፈኑበት ድንኳን የለም። ያ የባቲው አስተያየት ቋንቋቸው ሆነ። ዓይኗን ከጨፈነች ያረዝምላታል፤ አገጯን ካነሳች ያፈጥናል፤ ወደ እሱ ከዞረች ዝቅ ያደርጋል። ሰዎች ሁለቱ በአንድ ሳንባ ነው የሚተነፍሱት ይሉ ነበር።

አጃቢው ሲመጣ ሙዚቀኛ መቅጠር ለማይችሉ ጀማሪዎች ነው ተብሎ ነበር። ጀማሪዎቹ ከነባሮቹ የተሻለ መዝፈን ጀመሩ። ቀጥሎ የድምፅ ደንብ ወጣ። አዳራሾቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ስለተሠሩ፣ የአንዱ ሰርግ ከሌላው እንዳይቀላቀል ድምፁን መመጠን የሚችለው አጃቢው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጊታር ተጫዋቾቹ ቀድመው ሄዱ። ከበሮ መቺው ቦርከና ዳር ዓሣ ማርባት ያዘ። ያብሥራ አልተባረረም። ለምን እንዳልተባረረ ያወቀው ከአቶ ሙክታር ነው።

«ሚስትህ ‹እሱ ከሌለ እኔም የለሁም› ብላ ነው» አሉት አንድ ቀን፣ የሚያስደስቱት መስሏቸው። «እንደዚህ ዓይነት ሴት ከየት ይገኛል?»

ዘፋኞች አጃቢያቸውን ቤት ወስደው እንዲያለማምዱት ይመከራሉ። የሂክማ አጃቢ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀመጠ፤ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ግራጫ ነገር ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ታንጎራጉራለች፤ እሱ ከስር ይከተላታል፤ አንዳንዴ በክራር፣ አንዳንዴ ስም በሌለው መሣሪያ። ስታቆም ያቆማል። ዘፋኝ ያለበት ጎረቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ የሚያልፍ ሰው ከየመስኮቱ አንዲት ሴት ከአንድ የማይታይ ሰው ጋር የምትጫወት ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት ያብሥራ ሳሎን ተቀምጦ ሂክማ ከት ብላ ስትስቅ ሰማ። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማት ቆይቷል። ተነስቶ ወጥ ቤት ሲገባ ሙዚቃው ተቋረጠ።

«ምን አሳቀሽ?»

«ማንኪያ ወደቀብኝ፤ እሱ ደግሞ ተቀብሎ ምት አደረገው።»

«እስቲ እኔም ልስማው።»

«ሌላ ሰው ሲገባ ያቆማል፤ እንደዚያ ነው የተሠራው። እስኪለምድ የእኔን ትንፋሽ ብቻ መስማት አለበት።»

«እኔ ሌላ ሰው ነኝ?»

«ያቤ ደግሞ! ለእሱ ማለቴ ነው።»

«ለእሱ» ያለችው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረ። ለዚያ ግራጫ ነገር «እሱ» ማለት የጀመረችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ያብሥራ፣ ሚስቱን የሚጠራጠር ባል የሚያደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ አደረገ። አመሻለሁ ብሎ ወጥቶ ቶሎ ይመለሳል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ይገባል፤ አጃቢው ግን ሰምቶ ቀድሞ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ደግሞ ከማንኛውም ድምፅ በላይ ያንገበግበዋል። የሌሎች ዘፋኞችን ባሎች ጠየቀ። አንዱ «እኔስ ተገላገልኩ፤ ድሮ ለልምምዷ የምታስነሳኝ እኔን ነበር» ብሎ ሳቀ። ያብሥራ አብሮት ሳቀ፤ ቤቱ እስኪደርስ ግን ሰውየውን ሲረግም ሄደ።

መጨረሻ ላይ ከቤቱ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር፣ የወጥ ቤቱ ድምፅ የሚመጣበት ቦታ አገኘ። አጃቢው እዚያ የቆመን ሰው አይሰማም። ያብሥራ ከጎረቤት ቢያዩት የታንከሩን ቧንቧ የሚያይ እንዲመስል እጁን ቧንቧው ላይ አድርጎ ይቆማል።

አንድ ቀን እዚያ ቆሞ ሂክማ የማያውቀውን ዘፈን ስትዘፍን ሰማ። አምባሰል ነው፤ ግን ዝግ ያለ፣ መሃሉ ላይ እየቆመ የሚሄድ።

*እናቴ ስትሄድ በሩን ሳትዘጋ፣*
*ብርዱ ገብቶ ቀረ፣ ይኖራል እኔ ጋ።*

እናቷ ወይዘሮ ሉባባ የሞቱት ሂክማ የሰው ሰርግ ላይ ስትዘፍን በነበረበት ቀን ነው። ስለዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም። ያብሥራ በሐዘኑ ሰሞን ብዙ ጊዜ ሊያናግራት ሞክሮ ነበር፤ «ተወኝ» ትለዋለች፤ ተዋት። አሁን ግን ለመስኮቱ እየነገረችው ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምጿ ተያዘ። አጃቢው ምንም አላለም። ዝምታው ረዘመ፤ ያብሥራ ቧንቧውን ጨምድዶ ያዘ፤ ጣቶቹ እንዲህ ባለ ቦታ ምን እንደሚነኩ ያውቃሉ። ሂክማ ተነፈሰችና ራሷ ቀጠለች። ክራሩም ያኔ ብቻ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ከኋላዋ ገባ።

ራት ላይ አላስቻለውም።

«ለእናትሽ ዘፈን እንዳለሽ አላውቅም ነበር» አላት።

ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ። «ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ።»

«ከየት ሆነህ?»

«ለምን ከኔ ጋር አልዘፈንሽውም?» አላት።

ሂክማ ምግቡን መልሳ አስቀመጠችው። «ሞክሬ ነበር። አንዴ ከሚሴ፣ አንዴ ሐይቅ። መሃል ላይ ሳመነታ ግጥሙ የጠፋብኝ መሰለህና ወደምናውቀው ዘፈን መለስከኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ተውኩት።»

«ልረዳሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜም ልትረዳኝ ነው። አንተ የት እንደምሄድ ከእኔ ቀድመህ ታውቃለህ ያቤ። እሱ አያውቅም። ዝም ስል ዝም ይላል። ይጠብቀኛል።»

«ማሽን እኮ ነው! መጠበቅ ምን እንደሆነ የት ያውቃል?»

«እሱ ላያውቅ ይችላል» አለች። «እኔ ግን ስጠበቅ ይታወቀኛል።»

በማግስቱ ያብሥራ የአዳራሹን የድምፅ ባለሙያ ቤዛዊትን ለብቻዋ አገኛት። ቤዛዊት ከእጅ ሥራዋ ቀና ብላ ሰው የምታዳምጥ፣ ለያብሥራም ከበሬታ ያላት ወጣት ናት። አንድ ዘፈን፣ አንድ ብቻ፣ ከሂክማ ጋር በእውነት መጫወት እንደሚፈልግ ነገራት።

«በልምምድ ሰዓት ይቻላል ጋሽ ያብሥራ» አለችው። «አጃቢው ሌላ መሣሪያ ሲሰማ ቦታ ይሰጠዋል።»

ያብሥራ ከቤቱ ያመጣውን አሮጌ ገመድ ከኪሱ አወጣ። ቤዛዊት ተቀብላ ጫፉን አገላብጣ አየችው፤ እንዲህ ያለ ገመድ በእጇ ይዛ አታውቅም። ሰካችለት። ሂክማ ለልምምድ ስትመጣ ባሏ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ እንደ ፈተና ተማሪ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይታ ፈገግ አለች። «በል እሺ፣ የባቲውን» አለችው።

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ሲወጡ ያብሥራ ቀና ብሎ ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ አየ። የራሱ ድምፅ ነው። አዳራሹ ሞላ። ሂክማ ገባች፤ አጃቢውም ከስር ገባ። ያብሥራ እንደ ድሮው ቀደም ቀደም እያለ መንገድ አሳያት። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ የራቀበት መሰለው። ጠንከር አድርጎ ነካ። ይበልጥ ራቀ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጣቶቹ ቁልፎቹን ሲመቱ የሚያሰሙትን ደረቅ ኳኳታ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ቤዛዊት፣ ድምፄ ጠፋ!»

«እኔ አልነካሁም ጋሼ። እሱ ነው የቀነሰዎት።» ተሸማቀቀች። «ዘፋኙን የሚያጣድፍ ድምፅ ሲሰማ ይቀንሳል።»

«እኔ አላጣድፋትም!»

ቤዛዊት ወደ ሂክማ አየች። ሂክማ ጀርባዋን ሰጥታ ውኃ ትጠጣ ነበር፤ ስትጠጣ ከተለመደው በላይ ቆየች።

ያብሥራ ገመዱን ሲነቅል፣ ቤዛዊት ልታጽናናው ብላ ስለ መሣሪያው አሠራር ታወራለት ጀመር። አጃቢው የሚሠራው ዘፋኙን እስካወቀ ድረስ ብቻ ነው፤ ፈጽሞ ከጠፋበት ዝም ይላል፤ ያኔ አዳራሹ ለእሳት አደጋና ለማስታወቂያ ወደተዘጋጀው መጠባበቂያ መስመር በራሱ ይዞራል፤ ያንን መስመር ማንም አይቀንሰውም። «እስካሁን ጠፍቶበት አያውቅም እንጂ» አለች።

ያብሥራ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

የሚቀጥለው እሑድ ትልቅ ሰርግ ነበር። ሙሽራዋ እናቷ የሞቱባት ልጅ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሂክማ ጋር ስትደዋወል ሰንብታለች። ያብሥራ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሂክማ መልበሻ ክፍል ውስጥ የአንገት ሐብሏን እንዲቆልፍላት ጀርባዋን ሰጠችው።

«ዛሬ አንድ ነገር ልሞክር ነው» አለችው።

«ጥሩ» አላት። ስለ ቀሚሷ የምታወራ ነበር የመሰለው። ልቡም እዚያ አልነበረም።

ምሳ ሲቀርብ ቤዛዊት እንግዶቹ ጋር ሄዳ እንድትበላ የለመናት እሱ ነው። ከመድረኩ ጎን፣ አጃቢው የማንን ትንፋሽ እንደሚከተል በሚነገርበት ሰሌዳ ላይ፣ የዘፋኞቹ ስም ተደርድሯል። የሂክማን ስም ነክቶ አጠፋው፤ በምትኩ ዓርብ ዓርብ የምትዘፍነውን፣ ፈጣን ፈጣኑን የምትወደውን ፌቨንን አስገባ። የአንድ ጣት ሥራ ነው። ገመዱን ደግሞ ከመጠባበቂያው መስመር ላይ ሰክቶ በምንጣፉ ሥር ወደ ኪቦርዱ ሳበው። ሲያስበው የኖረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሂክማ ስትወድቅ፣ ያ ግራጫ ነገር ሳይሆን እሱ ሲይዛት።

ሂክማ መድረክ ላይ ስትወጣ እንደ ሁልጊዜው አልቆመችም፤ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። አዳራሹ ፀጥ እንዲል በእጇ ምልክት ሰጠች። ሙሽራዋ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ፣ መሐረቧን ከአሁኑ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ሂክማ ዓይኗን ጨፍና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች።

አጃቢው በፌቨን ምት ገባ። ጭፈራ ነው። ከኋላ ያሉ ወጣቶች ትከሻቸውን አነሱ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ሂክማ ቆመች። አጃቢው ለቅጽበት ተደናገረ፤ ከዚያ ገፋት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ቀደማት። አንድ የማያውቀውን ትንፋሽ እያሳደደ ጥቂት ከተንገዳገደ በኋላ አጃቢው ዝም አለ። በዚያ አዳራሽ ታሪክ ያልተሰማ ዝምታ ወረደ። ሳህን የሚያነሱት አስተናጋጆች እንኳ ባሉበት ቀሩ።

ያኔ ሂክማ ወደ ያብሥራ ዞረች።

የባቲው አስተያየት ነው። ስንት ዓመት ናፍቆታል! ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ወረዱ፤ የኪቦርዱ ድምፅ ሳይለዝብ፣ ሳይመጠን፣ እንዳለ ወጣ። ሁሉም የሚያውቀውን፣ ሁለቱ በየድንኳኑ ሲጫወቱት የኖሩትን የሰርግ ዘፈን መግቢያ መታ፤ ከፍታውንም ለሚያውቀው ድምጿ በሚመቸው ልክ ዝቅ አደረገላት። ሂክማ አፏ እንደተከፈተ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አየችው። ከዚያ ተነስታ ቆመች፤ ዘፈነችም።

አዳራሹ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ «የድሮው! የድሮው!» እያሉ ብድግ አሉ። አቶ ሙክታር ሳይቀሩ ከበሩ ላይ አጨበጨቡ። ሙሽራዋ መሐረቡን እጇ ውስጥ ጨብጣ ትንሽ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሚዜዎቿ እጇን ይዘው አስነሷትና እሷም ጨፈረች። ያብሥራ አላያትም። በሕይወቱ እንደዚያ ሰዓት ደስ ብሎት አያውቅም። አልፎ አልፎ ከመድረኩ ጎን ወዳለው ሰሌዳ ዓይኑን ይወረውር ነበር፤ ጠላቱ ሲወድቅ እንዳየ ሰው።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አቶ ሙክታር ትከሻውን እየመቱ «አዳንከን አንተ ሰው! ስሜን አዳንከው!» አሉት። ቤዛዊት ከኋላቸው ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች። «የስሞቹን ሰሌዳ ሳላየው ሄጄ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። አቶ ሙክታር ዞር ብለው እንኳ ሳያዩዋት «ነገ ቢሮ ነይ፤ ሒሳብሽን ትወስጃለሽ» ብለው ወጡ። እሷም ተከትላ ወጣች።

ሂክማ ሐብሏን በራሷ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ገመዱን መቼ ሰካኸው?»

«ያው… አጃቢው ሲጠፋ።»

«ሲጠፋ አይቼሃለሁ። እጅህ ቁልፉ ላይ ነበር። ጎንበስ አላልክም።»

ከግድግዳው ወዲያ የሌላ ሰርግ ጭብጨባ ይሰማል፤ በደንቡ መሠረት፣ በስሱ።

«ሙሽራዋ ለእናቷ አንድ ነገር እንድልላት ለምናኝ ነበር» አለች ሂክማ። ድምጿን አላነሳችም። «ሳምንቱን ሙሉ ስፈራ ስቸር ሰንብቼ ዛሬ ደፈርኩ። ወደ አንተ ስዞር ዝቅ አድርግልኝ ያልኩህ መሰለህ?»

«ሂኩ…»

«ብቻዬን ልቀጥል፣ ዝም በልልኝ ነበር ያልኩህ። አልገባህም። ከሰው ሁሉ አንተ!»

ያብሥራ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሠራውን ነገር ሳይሆን፣ ያንን አስተያየት ስንት ጊዜ እንደዚያ ሳይገባው እንዳለፈ ነበር የሚያስበው። መጠየቅ ፈልጎ ነበር፤ ባቲ ላይስ? ብሎ። ፈራ።

«ቤዛዊት በአንተ ምክንያት እንጀራዋን እንዳታጣ» አለችው ሂክማ፣ ነጠላዋን እያነሳች።

በማግስቱ ያብሥራ አቶ ሙክታር ቢሮ ገብቶ ያደረገውን ነገራቸው። «በሚስትህ ላይ?» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። ቤዛዊት በሥራዋ ላይ ቀረች፤ ያብሥራ ወጣ። በእሱ ቦታ መልከ መልካም ጎረምሳ ተቀጠረ። ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም፤ ጣቶቹ ግን ከድምፁ ጋር ከያብሥራ ይልቅ ይሄዳሉ ተባለ።

ሂክማ ደሴ፣ እህቷ ቤት ገባች። ልብሷን ልትወስድ የመጣች ቀን ያብሥራ ሻንጣዋን እስከ በር ተሸከመላት። አጃቢውን ትታው እንደሆነ ብሎ ወጥ ቤት ሄዶ አየ። መስኮቱ ላይ የለም። ከቀሚሶቿ መሃል፣ እንዳይሰበር በሻሽ ጠቅልላ፣ አስቀድማ አስገብታዋለች። ያብሥራ ያን ቀን መስኮቱ ሥር ቆሞ ያለቀሰው ስለ ሄደችው ይሁን፣ ስለ ሻሹ፣ እሱም አላወቀውም።

ክረምቱን የቆዩ ኪቦርዶችን ለጌጥ ለሚፈልጉ ሰዎች እየወለወለ አሳለፈ። መስከረም ላይ ሰዎች ስለ አንድ ዘፈን ማውራት ጀመሩ። ደሴ ውስጥ አንዲት ሴት እሑድ ከሰዓት ትዘፍነዋለች፤ አዳራሹ አያጨበጭብም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ያብሥራ የሴትየዋን ስም አልጠየቀም። በሚቀጥለው እሑድ ሾፌር በሌለው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ወጣ።

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ተቀመጠ። መድረኩ ላይ ለዓይን የቆመ ሙዚቀኛ የለም፤ ሂክማ እንዲቀር ማድረጓን በኋላ ሰማ። ወንበር ብቻ ነበር። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ጀመረች። አጃቢው እንደ ጥላ ከስሯ ገባ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሂክማ ቆመች፤ አጃቢውም ቆመ። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ያብሥራ የቀኝ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ቀድመው መውረዳቸውን አየ፤ የሚቀጥለውን ድምፅ ነክተው ጨርሰዋል። በግራ እጁ ሸፈናቸው።

ሂክማ ቀጠለች። የሄደችው ጣቶቹ ወዳሉበት አልነበረም። እሱ በዕድሜው ሙሉ ቢጫወት ወደማያገኘው ቦታ፣ ወደ ላይ፣ ባቲ ላይ ሊሰነጠቅ ከነበረበት ከፍታም አልፋ ወጣች። ድምጿ እዚያ ላይ ተሰነጠቀ። አጃቢው አላዳናትም። ስንጥቁ እንዳለ ቀረ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው፤ ከያብሥራ ፊት የተቀመጡት አሮጊት በዝግታ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። ያብሥራ ደረቱ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ተነሳ፤ አንዱ ኩራት ነው። ሌላው እንደ ፍም የሚያቃጥለው፣ ያን ግራጫ ነገር አንስቶ ከፎቅ መወርወር የሚያስመኘው፣ ከወራት በፊትም የሚያውቀው ነው። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ውጭ የደሴ ጉም ወርዶ ነበር። ሂክማ ከቤዛዊት ጋር ወጣች፤ ቤዛዊት የኮምቦልቻውን አዳራሽ ለቃ አሁን ለእሷ ትሠራለች። ያብሥራን ስታይ ቆመች። ቤዛዊት «እንዴት ዋሉ ጋሼ» ብላ አጎንብሳ አለፈች።

«እንዴት ነበር?» አለችው ሂክማ። ድሮ ከየድንኳኑ ሲወጡ የምትጠይቀው ነው።

«እዚያ አልወስድሽም ነበር» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ድምፅሽ ሲሰነጠቅ… ልሞት ነበር።»

«እኔም» አለች፤ ፈገግታ መሰለ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች።

«ትመለሻለሽ?» አላት።

መኪናው ውስጥ ቤዛዊት መብራት አበራች፤ ሂክማ ወደዚያ አየች፤ ተመልሳ ወደ እሱ አየች።

«አላውቅም ያቤ። አትጠይቀኝ። ብትችል ጠብቅ።»

ሄደች። ያብሥራ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ የመጨረሻውን ወንበር አገኘ። ከፊቱ አንዲት የሥራ ልብስ የለበሰች፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የምትመለስ ወይም ወደ ፈረቃ የምትሄድ ሴት ተቀምጣለች። አዳራሹ ውስጥ እንደነበረች ያወቀው ማንጎራጎር ስትጀምር ነው። የሂክማን ዘፈን እያበላሸች ትዘፍነዋለች። ከፍ ማለት ያለበትን ዝቅ፣ መቆም ያለበትን እየቀጠለች፣ የራሷ እናት ሰርታ እንደሰጠቻት ነገር እንደልቧ ታደርገዋለች። ዘፈኑ ከእሱ ቤት ወጥቶ ለማያውቃት ሴት ሆኗል። ያብሥራ እሷ ላይም ቀና።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ጠፋባት። ዝም አለች። ያብሥራ ጎንበስ ብሎ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ዜማው የት እንደሚዞር ከእሷ ይልቅ ያውቃል። አፉን መልሶ ዘጋው። አውቶቡሱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። ሴትየዋ በመስኮቱ ውጭውን እያየች ቆየች፤ ከዚያ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የራሷን መንገድ ይዛ ቀጠለች።